ከአንድ ሰው ልብ እስከ አገር ናፍቆት

እሑድ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1830፣ ፓሪስ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ በሕዝብ አመፅ ከዙፋናቸው ከወረዱ ገና አራት ወራቸው ነው። ኮንሰርቫቶር በተባለው የከተማዋ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ከመቶ የሚበልጡ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ይቃኛሉ። ለታዳሚው የቀረበው የታተመ ወረቀት እንደወትሮው የሥራዎቹን ስም ብቻ ዘርዝሮ አያበቃም፤ ታሪክ ይተርካል። ስሜቱ የበረታ አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ልቡ የሚመኛትን ሴት ያያል፤ በፍቅሯም ይነደፋል። በዳንስ አዳራሽም ሆነ በገጠር ሜዳ፣ በሄደበት ሁሉ ምስሏ ይከተለዋል። ፍቅሩ ምላሽ እንደማያገኝ ሲረዳ ራሱን ለማጥፋት ኦፒየም ይውጣል። የወሰደው መጠን ግን ሊገድለው አልበቃምና አስፈሪ ሕልም ውስጥ ይከተዋል። በሕልሙ ያፈቀራትን ሴት ገድሏል፤ ሞት ተፈርዶበት አንገቱ ወደሚቆረጥበት አደባባይ ሲነዳም ራሱን ያያል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት፣ የሙዚቃው ደራሲ ኤክቶር በርሊዮዝ፣ 27 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶታል። የሐኪም ልጅ ነው። አባቱ ሕክምና እንዲማር ነበር ወደ ፓሪስ የላኩት፤ እሱ ግን ልቡ ኦፔራ ቤት ቀረ። ፒያኖ መጫወት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጊታርና ፍሉት ነው። ይህ ጉድለት የጠቀመው ይመስለኛል። ሌሎች ደራሲዎች መጀመሪያ በፒያኖ አስበው ኋላ ወደ ኦርኬስትራ ሲያሰፉት፣ እሱ ከመነሻው በኦርኬስትራ ድምፅ ያስብ ነበር።

በ1827 መስከረም ላይ ከእንግሊዝ የመጣ የቲያትር ቡድን በኦዴዮን ቲያትር «ሐምሌት»ን አሳየ። ኦፌሊያን ሆና የተጫወተችው አየርላንዳዊቷ ሃሪየት ስሚዝሰን ነበረች። በርሊዮዝ እንግሊዝኛ አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ከዚያ ምሽት ወዲህ ሰላም አጣ። ደብዳቤ ጻፈላት፣ አልመለሰችለትም። በከተማዋ ጎዳናዎችና ዳርቻዎች እንቅልፍ አጥቶ ሲንከራተት ከረመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያን ሁሉ ሥቃይ ሲምፎኒ አድርጎ አወጣው፤ ስሙንም «ሲምፎኒ ፋንታስቲክ» አለው።

ሥራው አምስት ክፍል አለው። በርሊዮዝ ለሴቲቱ አንድ ዜማ ሰጣት፤ ያ ዜማ ከአምስቱ ክፍሎች ከአንዱም አይጠፋም። ደራሲው «ኢዴ ፊክስ» ብሎታል፤ ከአእምሮ አልወጣ ያለ ሐሳብ ማለት ነው። መጀመሪያ በቫዮሊኖችና በፍሉት ይመጣል። ረጅም ነው፤ ወደ ላይ ለመውጣት ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ከሥሩ ያሉት ባለክር መሣሪያዎች እንደ ፈራ ልብ ድው ድው ይላሉ። በሁለተኛው ክፍል ሃርፖች የሚያጅቡት የዋልትዝ ዳንስ ደርቶ ሳለ ዜማው ብቅ ይላል። ሦስተኛው ክፍል ገጠር ነው። ኮር አንግሌ የተባለው ትልቅ ኦቦ እንደ እረኛ ዋሽንት ይጣራል፣ ከመድረኩ ጀርባ ሌላ ኦቦ ይመልስለታል። በክፍሉ መጨረሻ ያው ጥሪ ይደገማል፤ አሁን ግን መልስ የለም። በኦቦው ፈንታ አራት ተጫዋቾች በቲምፓኒ ከበሮዎች የሩቅ ነጎድጓድ ያሰማሉ። ብቸኝነትን ያለ አንዲት ቃል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መንገድ ሰምቼ አላውቅም።

በአራተኛው ክፍል የሰልፉ ሙዚቃ ሞት የተፈረደበትን ሰው ይዞ ይጓዛል፤ ከበሮና የነሐስ መሣሪያ አዳራሹን ይሞላዋል። መጨረሻው ላይ ሁሉም ጸጥ ይልና አንድ ክላርኔት ብቻውን የሴቲቱን ዜማ ይጀምራል። የጀመረውን አይጨርስም። መላው ኦርኬስትራ በአንድ ምት ይቆርጠዋል፤ ቫዮሊኖቹ በጣት ሲነኩ የተቆረጠው ጭንቅላት ሲንከባለል ይሰማል፤ ወዲያው መለከቱና ከበሮው የሕዝቡን ጩኸት ያስተጋባሉ። አምስተኛው ክፍል የጠንቋዮች ድግስ ነው። ያ የከበረ ዜማ በትንሿ ክላርኔት ጩኸት ተበላሽቶ የፌዝ ዳንስ ይሆናል፤ ደወል ይደወላል፤ ወፍራሞቹ የነሐስ መሣሪያዎች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የሙታን ጸሎት ዜማ «ዲየስ ኢሬ»ን ያነሣሉ። የተናቀ አፍቃሪ ቂሙን በሙዚቃ የተወጣበት ክፍል ነው።

ሃሪየት ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ሲምፎኒውን የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1832 ዲሴምበር እንደገና ሲቀርብ ነው፤ ስለ ማን እንደተጻፈም ያኔ ገባት። በ1833 ኦክቶበር ተጋቡ። ከምስክሮቹ አንዱ በመጀመሪያው ቀን ሲምፎኒውን አዳራሽ ተገኝቶ የሰማውና ኋላም ሙሉውን ለፒያኖ የገለበጠው ፍራንዝ ሊስት ነበር። ትዳሩ አልሰመረም፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ተለያዩ።

የድምፅ ቅጂ ባልታሰበበት በዚያ ዘመን አንድ ወጣት የግል ቁስሉን አውጥቶ በመቶ ሰው አፍና እጅ ለከተማ ሕዝብ ማሰማቱ ድፍረት ነበር። የሮማንቲክ ዘመን ሙዚቃ የሚባለው፣ በግርድፉ ከ1800ዎቹ መባቻ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ያለው የአውሮፓ ሙዚቃ፣ ጠባዩ ሁሉ በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል፦ የግል ስሜት፣ የሚተረክ ታሪክ፣ የተፈጥሮና የሌሊት ፍቅር፣ ሕልምና ቅዠት፣ ከልክ ያለፈ የድምፅ ኃይል፣ ከልክ ያለፈ ጸጥታ።

ሎሌው ደራሲ ነፃ ሲወጣ

ከዚያ በፊት የነበረውን ለማየት ወደ ዮሴፍ ሃይደን መመለስ ያስፈልጋል። ሃይደን ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የኤስተርሃዚ መሳፍንት ተቀጣሪ ነበር። በ1761 የፈረመው ውል የቤቱን የሠራተኛ ልብስ ለብሶ እንዲቀርብ ያስገድደዋል። የሚጽፈው መስፍኑ ያዘዙትን ነው። ከመቶ በላይ ሲምፎኒ ጻፈ፤ ብዙዎቹ ከግማሽ ሰዓት አይበልጡም፤ ጥበባቸው ዛሬም ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ሲምፎኒዎች ስለ ሃይደን ትዳር ወይም ሐዘን ልታውቁ ብትሞክሩ ብዙም አታገኙም። ሙዚቃው የሚናገረው በጋራ ቋንቋ፣ ስለ ጋራ ውበት ነው።

ይህን ልማድ የሰበረው ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ነው። በ1802 የመስማት ችሎታው እየከዳው ሳለ ሃይሊገንሽታት በተባለች መንደር ተቀምጦ ለወንድሞቹ የኑዛዜ ያህል ደብዳቤ ጻፈ፤ አልላከውም፤ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ቀጥሎ የጻፈው ሦስተኛ ሲምፎኒው ኤሮይካ በ1805 ለሕዝብ ሲቀርብ ሃምሳ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ጀግና የሚታገልበት፣ የሚቀበርበትና የሚነሣበት ሥራ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ለናፖሊዮን ቦናፓርት ሊሰጠው አስቦ ነበር። ናፖሊዮን ራሱን ንጉሠ ነገሥት ሲያደርግ ግን ስሙን ከገጹ ፋቀው፤ ቪየና ውስጥ የሚገኘው ግልባጭ እዚያ ቦታ ላይ ተቀዷል። ኤሮይካን ጨምሮ የቤትሆቨንን ሲምፎኒዎች ከ1828 ጀምሮ ለፓሪስ ሕዝብ ያሰማው ፍራንሷ አበነክ ነው፤ ያውም በዚያው ኮንሰርቫቶር አዳራሽ። የበርሊዮዝን ሲምፎኒ በ1830 የመራውም ይኸው አበነክ ነው። በርሊዮዝ አድማጭ ሆኖ ከተማረበት አዳራሽ ደራሲ ሆኖ ወጣ።

ስሜት ብቻውን ግን ይህን ሁሉ አላመጣም። መሣሪያዎቹም ተለውጠዋል። በድሮው ኮር የሚባል የነሐስ መሣሪያ ተጫዋቹ ማውጣት የሚችለው የተወሰኑ ድምፆችን ብቻ ስለነበር ቅኝት ሲቀየር ቱቦ ነቅሎ ሌላ ቱቦ መግጠም ነበረበት። ሽቶልዘልና ብሉመል የተባሉ ጀርመናውያን በ1818 የቫልቭ የፈጠራ መብት አገኙ፤ ጣት ሲጫን አየሩ በሌላ ቱቦ ይዞራል፤ ሁሉም ድምፅ በእጅ ሥር ሆነ። ነሐሱ ከአጃቢነት ወጥቶ ዜማ ተሸካሚ ሆነ። በርሊዮዝ ስለ መሣሪያዎች ጠባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ታትሞ ለሁለት ትውልድ ደራሲዎች መማሪያ ሆነ። ኦርኬስትራውም ማደጉን አላቆመም። ጉስታቭ ማህለር በ1910 ሙኒክ ላይ ስምንተኛ ሲምፎኒውን ሲመራ ከሺህ የሚበልጡ ዘማሪዎችና ሙዚቀኞች ፊቱ ነበሩ።

ሁለት ሰው፣ አራት ድምፅ

ግዙፉን ብቻ አይቶ ዘመኑን መፍረድ ስሕተት ነው። የሮማንቲክ ደራሲዎች ሺህ ሰው ሲያሰልፉ፣ እዚያው ጎን ለጎን በጣም ትንሽ የሆነውንም ይወዱ ነበር። እኔ የዘመኑን ጫፍ አሳየን ብባል የምመርጠው አንድ ዘማሪና አንድ ፒያኖ ብቻ የሚጠይቀውን የፍራንዝ ሹበርትን «ኤርልኮኒግ» ነው።

ሹበርት የጻፈው በ1815 ነው፤ ዕድሜው 18። ግጥሙ የጀርመናዊው ባለቅኔ የጎተ ነው። አባት የታመመ ልጁን አቅፎ በሌሊት ፈረስ ይጋልባል። ልጁ ሊወስደው የመጣውን የመናፍስት ንጉሥ ያያል፤ አባት ግን ጉም ነው፣ ቅጠል ነው እያለ ያባብለዋል። የፒያኖው ቀኝ እጅ አንድን ኖታ በጥድፊያ እየደጋገመ ይመታል፤ ግልቢያው ያ ነው። ለፒያኒስቱ የእጅ አንጓ ፈተና ነው፤ ገና ከመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች አንስቶ ክንድ ይደክማል። አንዱ ዘማሪ አራት ሰው ይሆናል፦ ተራኪውን፣ በወፍራም ድምፅ አባቱን፣ በቀጭን ድምፅ ልጁን፣ በለሰለሰ አባባይ ድምፅ መንፈሱን። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ልጁ አባቱን በጮኸ ቁጥር ዜማው ቀድሞ ከነበረበት ከፍ ይላል፤ ድምፁም ከፒያኖው ጋር ይጋጫል። መንፈሱ ሲናገር ደግሞ ሙዚቃው ጣፋጭ ይሆናል፤ አስፈሪነቱም እዚያ ላይ ነው። ቤት ሲደርሱ ፒያኖው ይቆማል። ዘማሪው ልጁ መሞቱን ከንግግር ባልተለየ ድምፅ ይናገራል፤ ሁለት ኮርድ (በአንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች)፣ አለቀ። አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይፈጃል።

ሹበርት ከስድስት መቶ በላይ እንዲህ ያሉ መዝሙሮች ጽፎ በ1828 በ31 ዓመቱ ሞተ። ጎተ ግጥሞቹ በዜማ ተደርሰው ሲላኩለት ያለ ምላሽ መለሳቸው። ከሲምፎኒዎቹ አንዱ፣ በ1822 የተጀመረውና ሁለት ክፍል ብቻ ተሟልቶ የተገኘው፣ ለሕዝብ የተሰማው ከሞተ 37 ዓመት በኋላ ነው።

ብረት የገባበት ፒያኖ

የዚህን ዘመን ያህል ፒያኖ የነገሠበት ጊዜ የለም። የሞዛርት ፒያኖ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ አምስት ኦክታቭ፣ ቀጭን ክር፣ ለስላሳ ድምፅ። በ1821 የፓሪሱ ሴባስቲያን ኤራር ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ያንኑ ኖታ ደግሞ የሚያስመታ አሠራር አስመዘገበ። በ1825 ቦስተን ውስጥ አልፊየስ ባብኮክ ቀልጦ በአንድ ወጥ የፈሰሰ የብረት ፍሬም አወጣ። የእንጨቱ ሳጥን የማይችለውን ክር ብረቱ ቻለው፤ ክሩ ወፈረ፣ ተወጠረ፣ የቁልፉ ቁጥር ዛሬ ወደምናውቀው 88 አደገ። በአንድ ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ላይ የተወጠሩት ክሮች ዛሬ በጠቅላላው ሃያ ቶን የሚደርስ ጉልበት ይስባሉ።

ይህን መሣሪያ አደባባይ ያወጣው ሊስት ነው። በ1832 የጣሊያኑን ቫዮሊኒስት ኒኮሎ ፓጋኒኒን ፓሪስ ላይ ሲሰማ፣ በፒያኖ ያንኑ ለማድረግ ወስኖ ለብዙ ወራት በሩን ዘግቶ ተለማመደ። ከዚያ በፊት አንድ ፒያኒስት ምሽቱን ሙሉ ብቻውን መድረክ አይይዝም ነበር፤ ዘፋኝና ሌላ ተጫዋች ይቀላቀሉ ነበር። ሊስት ብቻውን ተቀመጠ፣ ኖታ ሳያይ ተጫወተ፣ የጎን ገጽታው ለታዳሚ እንዲታይ ፒያኖውን አዞረ። ክር ይበጠሳል፤ ሴቶች የተበጠሰውን ክር ለማስታወሻ ይሻሙበታል። ገጣሚው ሃይንሪክ ሃይነ በ1844 ይህን ግርግር «ሊስቶማኒያ» አለው። የዛሬው የኮንሰርት ኮከብ የዘር ሐረጉ ከዚያ ይመዘዛል። ሊስት ግን በ1847፣ በ35 ዓመቱ፣ ለገንዘብ መጫወትን አቁሞ ወደ ድርሰትና ወደ ማስተማር ሄደ።

በዚህ ወሬ ውስጥ ክላራ ሹማን መረሳቷ ይከነክነኛል። በዘጠኝ ዓመቷ ላይፕዚግ መድረክ ላይ ወጣች፤ የመጨረሻውን ኮንሰርት በ1891 እስከሰጠችበት ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ ተጫወተች፤ ስምንት ልጆች ወልዳለች። ደራሲውን ሮበርት ሹማንን እንዳታገባ አባቷ ስለከለከሏት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1840፣ 21 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀረው ተጋቡ። ሮበርት በዚያ ዓመት ብቻ ከመቶ በላይ መዝሙር ጻፈ። በ1854 አእምሮው ታውኮ ራይን ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ሞተ። ሥራዎቹን ዓለም ያወቃቸው በአብዛኛው ክላራ እየዞረች ስለተጫወተቻቸው ነው። የራሷ ድርሰቶችም አሉ፤ በ1846 የጻፈችው የፒያኖ ትሪዮ ከባሏ ሥራዎች ጎን ያለ ኀፍረት የሚቆም ነው።

ፍሬዴሪክ ሾፓን የሊስት ተቃራኒ ነበር። ትልቅ አዳራሽ ይፈራል፤ በሕይወቱ ሙሉ የሰጣቸው የሕዝብ ኮንሰርቶች ከሠላሳ ገደማ አይዘሉም። በ1830 ኖቬምበር መጀመሪያ ከዋርሶ ወጣ፤ ወሩ ሳያልቅ ፖላንዳውያን በሩሲያ ላይ አመፁ፤ አመፁ ተሸነፈ፤ ሾፓን አገሩን ዳግመኛ አላየም። ያ የተዘጋ መንገድ በሙዚቃው ውስጥ አለ። ከሃምሳ በላይ ማዙርካ ጻፈ። ማዙርካ በሦስት የሚቆጠር የገጠር ጭፈራ ነው፤ ጉልበቱ ግን አንደኛው ምት ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ አድማጩ እግሩን በቀላሉ አያገኘውም። የሾፓን አጨዋወት ደግሞ ሩባቶ የሚባለውን ነገር ይጠይቃል። ግራ እጅ ቆጠራውን እንደያዘ፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ይስባል፣ ያዘገያል፣ ይቸኩላል። ጥሩ ድምፃዊ ትዝታ ሲያዜም ክራሩ መንገዱን ሳይስት ቃሉን ወደኋላ ጎትቶ፣ ጎትቶ ሲያሳርፈው የሚሰማችሁ ነገር አለ፤ ሩባቶ እሱ ነው።

ሾፓን በ1849 ፓሪስ ውስጥ ሲሞት በኑዛዜው መሠረት እኅቱ ልቡን ዋርሶ አስገባችው፤ ዛሬም የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ውስጥ ነው። በ1863 የሩሲያ ወታደሮች ዋርሶ ውስጥ አንድ ቤተ መንግሥት ሲዘርፉ በውስጡ የነበረውን የሾፓን ፒያኖ በመስኮት ወረወሩት። በ1940 ናዚዎች የከተማዋን የሾፓን ሐውልት በፈንጂ አፈረሱ። ሁለቱም ወራሪዎች የሾፓን ሙዚቃ ለፖላንዳውያን ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

የሾፓን መንገድ እኛም ዘንድ ደርሷል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኋላም ካይሮ ውስጥ ፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች አስተማራቸው። ሙዚቃቸውን ስትሰሙ ግራ እጃቸው የዋልትዝ ሲሆን ቀኝ እጃቸው በእኛ ቅኝት ያዜማል፤ ጊዜውም እንደ ሾፓን ይለጠጣል። መንፈሱ ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። በ99 ዓመታቸው በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ።

ምሥራቅ፣ ምርኮኛና መለከት

የአንድን ሰው ልብ ለመናገር የተፈለሰፈው መሣሪያ የሕዝብን ልብ ለመናገርም አገለገለ። የሚመላለሰው ዜማ፣ ሩቅ የሚሄደው ሃርሞኒ፣ የድምፅ ቀለሙ፣ ሁሉም አገር ለሌላቸው ሕዝቦች አገር ሆነ። ቼኩ ቤድርዥክ ስሜታና ቭልታቫ ወንዝን ከሁለት ምንጮቹ ተነሥቶ እስከ ፕራግ ድረስ በኦርኬስትራ አስጓዘው። የፊንላንዱ ዣን ሲቤሊዩስ «ፊንላንዲያ»ን የጻፈው አገሩ በሩሲያ ሥር ሳለች ነው። ይህ ኃይል ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም። በ«ትሪስታን እና ኢዞልደ» መክፈቻ የጣለውን ያልተፈታ ኮርድ ኦፔራው እስኪያልቅ ሳይፈታ አድማጩን በናፍቆት የያዘው ሪቻርድ ዋግነር፣ በ1850 አይሁዳውያንን ከጀርመን ሙዚቃ የሚያገል ጽሑፍ አሳተመ። የሙዚቃውን ታላቅነት መመስከር ጽሑፉን ይቅር ማለት አይደለም።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የጁዜፔ ቬርዲ «አይዳ» ነው፤ ባለታሪኳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናትና። ኦፔራው ለስዊዝ ቦይ ምረቃ ተጻፈ የሚባለው ትክክል አይደለም። ቦዩም የካይሮው ኦፔራ ቤትም የተከፈቱት በ1869 ነው፤ ኦፔራ ቤቱ የተመረቀውም በቬርዲ «ሪጎሌቶ» ነበር። «አይዳ»ን ያዘዙት የግብፁ ገዥ ኸዲቭ ኢስማኢል ናቸው፤ ለቬርዲ 150,000 ፍራንክ ተከፈለው። ታሪኩን ያፈለቀው በካይሮ የሚሠራው ፈረንሳዊው የጥንተ ግብፅ ተመራማሪ ኦጉስት ማርዬት ነው። አልባሳቱና የመድረክ ቁሳቁሱ በጦርነት በተከበበችው ፓሪስ ውስጥ ስለተያዘ ሥራው ዘገየ፤ በመጨረሻ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ቀረበ። ቬርዲ አልሄደም።

ታሪኩ በፈርዖኖች ዘመን ነው። አይዳ በግብፅ ቤተ መንግሥት ማንነቷን ደብቃ ባሪያ ሆናለች። የምትወደው ራዳሜስ የግብፅ ጦር አዛዥ ነው፤ ሊወጋ የሚዘምተውም በአባቷ በአሞናስሮ ላይ ነው። በሁለተኛው ገቢር ግብፅ ድል አድርጋ ትመለሳለች። ቬርዲ ለዚህ ትዕይንት ረጃጅም መለከቶች በልዩ ትእዛዝ አሠራ፤ ሦስት በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላ ወገን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የድሉን ዜማ በአንድ ቅኝት ያሰማሉ፤ ድንገት ያለ ምንም መሸጋገሪያ ሌሎቹ ሦስቱ ያንኑ ዜማ ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ያነሡታል። አዳራሹ ብርሃን የበራበት ይመስላል። ሮማንቲኮች የወደዱት የሩቅ ቅኝት ዝላይ እንዲህ ያለ ነው፤ የኮርድ ትምህርት ያልተማረም ሰው በደረቱ ይሰማዋል።

ሦስተኛው ገቢር የናይል ዳር ነው። ሌሊት። ድምፃቸው የታፈነ ቫዮሊኖች አንዲት ኖታ ብቻ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፤ ከላያቸው ፍሉት። አይዳ ብቻዋን ቆማ ዳግመኛ የማታየውን አገሯን፣ ሰማዩንና ሸለቆውን ትሰናበታለች፤ ከድምፅዋ ጎን ኦቦ ያለቅሳል። ወዲያው ምርኮኛ አባቷ መጥቶ ከፍቅረኛዋ የጦሩን መንገድ እንድታወጣ ያስጨንቃታል። እምቢ ስትል፣ አንቺ ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ይላታል። ቬርዲ ልጅነቱንና ጉልምስናውን በተከፋፈለችና በባዕድ በተያዘች ጣሊያን ያሳለፈ ሰው ነው፤ በ1861ም የመጀመሪያው የጣሊያን ፓርላማ አባል ሆኖ ተመርጧል። የግብፅን ክብር እንዲያወድስ ተከፈለው፣ ሰልፉንም አሳምሮ ሰጠ። ምርጥ ሙዚቃውን ግን ለምርኮኛዋ ኢትዮጵያዊት ሰጣት።

ከመድረኩ ውጪ ያለው ታሪክ ሌላ ሆነ። ኸዲቭ ኢስማኢል ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ለማስፋት ጦር ላኩ። በ1875 ኖቬምበር ጉንደት ላይ፣ በ1876 ማርች ጉራዕ ላይ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ያን ኃይል ደመሰሰው። ካይሮ ኦፔራ ቤት የተዘመረው የግብፅ ድል አምስት ዓመት ሳይሞላው በእውነተኛው ሜዳ ተገለበጠ። ኢስማኢል ዕዳ ውስጥ ወድቀው በ1879 ከሥልጣን ተነሡ። የቬርዲ ጣሊያንም በተራዋ መጣች፤ በ1896 ዓድዋ ላይ ስትሸነፍ ደራሲው በሕይወት ነበር።

ይህን ሙዚቃ ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ የማቀርበው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በ«ኤርልኮኒግ» ጀምሩ፣ ከሾፓን ማዙርካዎች አንዱን አስከትሉ፣ ከዚያ የ«ሲምፎኒ ፋንታስቲክ»ን አራተኛ ክፍል፣ ኋላ የ«አይዳ»ን ሦስተኛ ገቢር የቃሉን ትርጉም ይዛችሁ ስሙ። ለሙዚቃና ለቲያትር ባለሙያዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ ይህን ገቢር በአማርኛ ግጥም አሰሙን። የቬርዲ ኖታ የባለቤትነት መብት ዘመኑ አልፏል። ኦርኬስትራ ባይኖርም አይዳን፣ አባቷን፣ ራዳሜስንና የግብፁን ንጉሥ ልጅ አምኔሪስን የሚዘምሩ አራት ዘማሪዎችና አንድ ፒያኖ ለመነሻ ይበቃሉ።